እትዬ ቀንስ በግ የሸጡ ዕለት

ዋጋ የተፈጠረው እንዲከፈል ሳይሆን እንዲቀነስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በየቤተሰቡ አንድ አለ። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ያ ሰው እናንተው ናችሁ ማለት ነው። ይህ ሰው ከአንድ ፍሬ ቲማቲም ጋር ሩብ ሰዓት ይፋጠጣል። ብቅ ሲል ባለሱቆች ቀድመው ውሃ ይጠጣሉ። አብራችሁት ገበያ ከወጣችሁ ጥቂት ራቅ ብላችሁ የማላውቀው ሰው ነው የሚል ፊት ታሳያላችሁ፤ ማታ ግን እሱ ተጨቃጭቆ ያስቀነሰውን ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ።

እኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ቀንስ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውስ ግን ከመታወቂያቸው በቀር የለም።

«ቀንስ!» ከአፋቸው ከመውጣቱ በፊት ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ግራ እጃቸው ወገባቸው ላይ ይወጣል። ቀጥሎ አገጫቸው ቀና ይላል። ከዚያ በአፍንጫቸው አየር ይስባሉ። ይህን ያየ ሻጭ የሚመጣበትን ያውቃልና ከንፈሩን ይነክሳል። ሻጯ ሴት ከሆነች «ቀንሺ!» ይሆናል። አልቀንስም ያለ «እሺ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ» ይባላል። የመጨረሻውን ሲናገር «ይሄማ መጀመሪያው ነው» ይላሉ። ይሄም ካልሠራ «ሄድኩ!» ብለው ይሄዳሉ። አካሄዳቸው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የምራቸውን መስሎ ይፈጥናል፤ ተጠርተው ለመመለስ ግን አይርቅም። ሳይጠሩ የቀሩበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ነገሩ ገበያ ላይ ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት! በጤና ጣቢያው አንሶላ አጣቢ ናቸውና አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳሉ አመማቸው። ነርሷ ሙቀታቸውን ለክታ «ሠላሳ ዘጠኝ ነው እትዬ» ብትላቸው፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ «ቀንሺ!» አሉ። ነርሷ ደንግጣ መርፌ ወጋቻቸው፤ ሲመሽ ሠላሳ ሰባት ገባ። መርፌው ነው ያዳነዎት ቢባሉ እስከ ዛሬ አያምኑም። የአውቶቡስ ረዳትም «በግማሽ ሰዓት እንነሳለን» ቢላቸው «ሩብ አድርገው» ብለውት በሩብ ሰዓት ተነስቷል፤ አምስት ተሳፋሪ ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ከሁሉ የባሰባት ግን አብራቸው የምትኖረው ልጅ ናት። ልጅቷ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፤ ገና ዳዴ ስትል ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የትምህርት መጨረሻ ፈተናዋ ውጤት የመጣ ዕለት እየበረረች ገብታ «እትዬ፣ ዘጠና አንድ!» ብላ ብትጮህ፣ እትዬ ቀንስ በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰማንያ አምስት በያቸው። ሰው ዓይን ያስገባሻል» አሏት። ልጅቷም ሰፈሩን ሁሉ በሰማንያ አምስት ዞረች።

ይሄ ዘጠና አንድ ነው እንግዲህ ጣጣውን ያመጣው። ልጅቷ ከተማ ባለው የቴክኒክ ኮሌጅ የመሬት ቅየሳ ለመማር ተቀባይነት አገኘች። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ቀያሾች መንገድ ሊያወጡ መጥተው፣ ሦስት እግር ባለው መሣሪያቸው ውስጥ አንዴ አሳይተዋት ነበር። መሣሪያው ወንዙን ተሻግሮ ያለውን ዛፍ እጇ ላይ አድርጎ አመጣላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ለሚላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው።

«መሬት ለመለካት ነው ይሄ ሁሉ ክፍያ?» አሉ እትዬ ቀንስ የኮሌጁን ወረቀት ስታነብላቸው። «በእርምጃ አይለካም?»

«አይለካም እትዬ።»

«ስንት አሉሽ?»

«ለመጀመሪያው ዓመት ሃያ ሺህ። ከማደሪያው ጋር።»

ግራ እጃቸው ወደ ወገባቸው ተነሳ፤ ዳሩ ወረቀት ነውና «ቀንስ» የሚሉት ሰው ጠፋ። እጃቸው እንደተነሳ ትንሽ ቆይቶ ወረደ። ደመወዛቸው ከወር ወር አይደርስም፤ ጎረቤቱም እንደነሱው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተያይዘው የወጣቶች ብድር ማኅበር ዘንድ ሄዱ።

ማኅበሩ ጥሬ ገንዘብ አያበድርም። ጥሬ ገንዘብ ወጣት እጅ ከገባ ጫማና ስልክ ሆኖ ይቀራል የሚል ጽኑ እምነት አለው። የሚያበድረው በግ ነው። ከሲታ በጎች በማኅበሩ ገንዘብ ይገዛሉ፣ ተበዳሪው ያደልባቸዋል፣ ሲሸጡ የተገዙበት ለማኅበሩ ይመለሳል፣ ትርፉ ለትምህርት ይሆናል። በግ ደግሞ ተጫምተውት አይዞሩም። ይህን የሚያስረዳው ሞተር ሳይክል የሚነዳ ወጣት የብድር ሠራተኛ ነው፤ ለብዙ ሰው አስረድቷል፤ እንደዚያ ቀን ግን ላብ ላብ ብሎት አያውቅም።

«ዋስ ያስፈልጋል» አለ።

«ዋሷ እኔ ነኝ።»

«ጥሩ። ወለዱ በመቶ አምስት ነው።»

ግራ እጅ ወገብ ላይ ወጣ። «ቀንስ!»

«እትዬ፣ ወለድ እኮ አይቀነስም። በደንብ የተወሰነ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«ጠቅላላ ጉባኤው ነዋ።»

«ጥራልኛ!»

ጉባኤው አልተጠራም፣ ወለዱም አልተቀነሰም። ነገር ግን የበጎቹ ማሰሪያ ገመድ በማኅበሩ ወጪ እንዲሆን ሠራተኛው ተስማምቶ ተገላገለ። እትዬ ቀንስ ባዶ እጃቸውን ከየትም ተመልሰው አያውቁም።

ግዢው ላይ ሠራተኛውም አብሯቸው ወጣ። ማኅበሩ የፈቀደው ብድር ሃያ ሺህ ነው፤ ሦስት ከሲታ በግ ይገዛል ተብሎ የተያዘ። እትዬ ቀንስ አንድ ሽማግሌ ባለበግ ፊት ቆሙና ጀመሩ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሽማግሌው መጀመሪያ ቆመው ተከራከሩ፣ ቀጥሎ ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያዙ። በመጨረሻ «እናንተ ሰዎች፣ ይቺ ሴት በጎቼን ገዝታ ስታበቃ እኔንም መጎተቷ ነው፤ ገላግሉኝ!» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። እትዬ ቀንስ ጧ አደረጉት። በሦስት በግ ገንዘብ አራት ተገዛ።

መዳፍ ከተመታ በዚያ ገበያ ነገር አለቀ ማለት ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። መታሁ ያለ ሰው ኋላ ቢጸጸት፣ ልጄን ላማክር ቢል፣ ተሳስቼ ነው ቢል የሚሰማው የለም። ይህ ሕግ ደግሞ ከእትዬ ቀንስ የበለጠ ጠበቃ አልነበረውም። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ አንዴ ሚዛን ተሳስታ መዳፍ መትታ ኖሮ፣ ኋላ «እባክዎ እትዬ» ብትላቸው «መዳፍ አፍ የለውም የኔ ልጅ፤ ያለውን አንዴ ብሏል» ብለው ሽንኩርታቸውን ተሸክመው ሄደዋል። አገሩ ሁሉ ይቺን አባባል በቃሉ ያውቃታል።

ልጅቷ በጎቹን እንደ ዓይኗ ብሌን ያዘቻቸው። ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ እያመጣች ትመግባለች፣ ሣር ታጭዳለች፣ ግቢውን ትጠርጋለች። አንደኛው በግ ሲያስለው ሌሊቱን አጠገቡ ኩርምት ብላ አደረች። ፉርሽካው በማን ዋጋ እንደመጣ መቼም አትጠይቁኝም፤ ባለወፍጮው እትዬ ቀንስ ሲመጡ ሞተር አስነስቶ አይሰማኝም ይል ጀመር። በጎቹ ደለቡ። ጀርባቸው ላይ ውሃ ቢደፋ የማይፈስ እስኪመስል ሰፉ። ሠራተኛው በሞተሩ መጥቶ አይቶ «አርባ አንድ ሺህ ካወጡልሽ ብድሩም ወለዱም ተከፍሎ የዓመቱ ክፍያሽ ሙሉ ነው» አላት።

የምዝገባው መጨረሻ አርብ ነው። ከአርብ ቀድሞ ባለው ቅዳሜ በጎቹ ገበያ ይወጣሉ። ልጅቷ ራሴ ልሽጥ ብላ ነበር።

«እኔ እያለሁ?» አሉ እትዬ ቀንስ። «አንቺን አታለው ሊነጥቁሽ? አፍሽን ዘግተሽ ገመዱን ያዢ። ዋጋ የኔ ነገር ነው።»

እውነትም ዋጋ የእሳቸው ነገር ነው፤ ማን ይከራከራል? ሰፈሩ በሙሉ ልጅቷ ኮሌጅ የገባች ያህል ቆጥሮታል። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረበት፤ ልጅቷም አልጠየቀች፣ የብድር ሠራተኛውም አልጠየቀ፣ እኛም አልጠየቅን። እትዬ ቀንስ ከተወለዱ አንድ እንቁላል እንኳ ሸጠው ያውቃሉ ወይ?

ገበያው ገና ሳይሞላ አንድ ባለልኳንዳ መጣ። ገላው ግዙፍ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። የበጎቹን ወገብ በመዳፉ ጨበጥ ጨበጥ አደረገ፣ ጥርሳቸውን አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ።

«አራቱንም እወስዳለሁ» አለ። «አርባ ሁለት ሺህ።»

የልጅቷ ልብ ዘለለ። አርባ ሁለት! ከተፈለገው በላይ ነው፤ ለደብተርም ይተርፋል። ወደ አክስቷ ዞረች፣ ልትስቅላቸው። ፊታቸውን ስታይ ግን ገመዱን አጥብቃ ያዘች። ግራ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነበር። አገጫቸው ቀና ብሏል። በአፍንጫቸው አየር እየሳቡ ነው።

«ቀንስ!»

ባለልኳንዳው ግራና ቀኝ አየ። «ምን አሉ እትዬ?»

«ቀንስ አልኩህ! አርባ ሁለት ሺህ? ምን፣ ወርቅ ሊተፉ ነው? አትቀልድ!»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ዓመታት የሠለጠነ አፍ ነው፤ ቁጥር ሲሰማ ባለቤቱን አይጠይቅም።

«ሠላሳ... ዘጠኝ ይሁን?» አለ ሰውዬው፣ ቀስ ብሎ።

«እትዬ!» ልጅቷ ቀሚሳቸውን ጎተተች።

«ዝም በይ አንቺ፣ እየወረደልን ነው!»

«እትዬ ስሚኝ... ይስሙኝ እንጂ!»

«ዝም በይ ብያለሁ! አንተ፣ የመጨረሻውን ንገረኝ።»

«ሠላሳ አምስት» አለ ባለልኳንዳው። ላብ በግንባሩ ወጥቷል። ሴትየዋ በርካሽ ለመሸጥ ስለት ያለባቸው መስሎት ነበርና፣ የሰው ስለት ማደናቀፍ ፈራ።

«ይሄማ መጀመሪያው ነው። ሄድኩ!»

ሄዱም። የራሳቸውን በጎች ትተው፣ ልጅቷን ከነገመዱ አቁመው፣ ያንን የታወቀ አካሄዳቸውን ሄዱ። ሰው መሰብሰብ ጀምሯል። ባለልኳንዳውም ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ነውና፣ ሄድኩ ያለ ሰው መጠራት እንዳለበት ያውቃል።

«እትዬ! ይመለሱ! ሠላሳ ሁለት!»

ተመለሱ። ፊታቸው በድል በርቷል። መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ሰውዬውም ግራ እንደገባው ዘረጋ፣ ጧ! አለ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እትዬ ቀንስ ቦርሳቸውን ከፈቱና ብር መቁጠር ጀመሩ።

«ምንድን ነው የሚቆጥሩት?» አለ ባለልኳንዳው።

«ዋጋህን ነዋ!»

«እትዬ... ገዢው እኮ እኔ ነኝ።»

ያ ሁሉ ገበያ ጭጭ አለ። ከበጎቹ አንዱ ብቻ ባአ አለ። ከዚያ ሽንኩርት ሻጯ፣ ያቺ ሚዛን የተሳሳተችው፣ ሳቋ አምልጧት የገዛ ሽንኩርቷ ላይ ቁጭ አለች፤ የቀረው ሰው ተከተላት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። እትዬ ቀንስ ብሩን እንደያዙ ቀሩ። ጣታቸው ላይ ያለውን ብር አዩ፣ በጎቹን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ባለልኳንዳው ደግ ሰው ነበርና ጠጋ ብሎ «እንተወው እትዬ። እኔም ግራ ገብቶኝ ነው። ባልነው በአርባ ሁለቱ እንጨርስ» አላቸው።

ሁሉም ሰው የሚሉትን ሊሰማ ጆሮውን አቆመ። ሽንኩርት ሻጯም ሳቋን አቁማ አየቻቸው።

«መዳፍ ተመቷል» አሉ እትዬ ቀንስ። ድምፃቸው ከወትሮው በጣም ቀጥኗል። «እኔ በዚህ ሕግ ስንቱን አስለቅሻለሁ። ዛሬ በኔ ሲመጣ ልሽረው?»

ልጅቷ ገመዱን እንደያዘች ፊታቸው ቆመች። «ሕጉ የእርስዎ ነው እትዬ» አለች በሰው ፊት። «በጎቹ ግን የኔ ነበሩ!»

ልጅቷ ገመዱን ለባለልኳንዳው ሰጥታ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ሰኞ ማኅበሩ ሂሳቡን ወሰደ። የቀረው አሥራ አንድ ሺህ ነው። ኮሌጁ ዘንድ ብትደውል «ሙሉ ክፍያ እስከ አርብ፤ ካልሆነ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል» ተባለች። የብድር ሠራተኛው ሌላ በግ አሁኑኑ እሰጥሻለሁ አላት፤ በግ ግን በአራት ቀን አይደልብም። ጎረቤት ዞራ ጠየቀች፤ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠላት። ቤት ውስጥ ከእትዬ ጋር መነጋገር ተወች። ምሳ ሲያቀርቡላት ትበላለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ ትነሳለች። ያቺ ቃል ደግሞ ከስድብ ትብሳለች፤ እንግዳ ነው እንዲያ የሚለው።

ማክሰኞ የሆነው ነው እንግዲህ ሰፈሩን ያስደነገጠው። እትዬ ቀንስ ሱቅ ሄደው ሳሙና ጠየቁ። ባለሱቁ ዋጋውን ነገራቸው። ከፈሉ። ሳሙናቸውን ይዘው ወጡ።

ባለሱቁ ብሩን እንደያዘ ደንዝዞ ቀረ። አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ በዚያ ሰፈር ያለ ሻጭ ሁሉ ለእትዬ ቀንስ የሚጠራው የራሳቸው ዋጋ አለ። የሚቀነሰውን ቀድሞ ይጨምርበታል፤ እሳቸው ያንን ይቀንሳሉ፤ ሁለቱም ረክተው ይለያያሉ። ስንት ዘመን በሰላም የኖሩት በዚህ ነው። አሁን ግን ጭማሪውን ከነነፍሱ ከፍለው ሄዱ! ባለሱቁ ሱቁን ሳይዘጋ ተከትሏቸው ሮጠ።

«እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ትርፉን እንኩ በእግዚአብሔር! ኃጢአት ውስጥ አይክተቱኝ!»

«ያዘው» ብለው ገቡ።

ወሬው ተሠራጨ። እስኪመሽ ድረስ ሰው እንደ በሽተኛ ጠያቂ እየመጣ ግቢው በር ላይ ቆመ። ነርሷ ሙቀት መለኪያዋን ይዛ መጣች። ባለወፍጮው እንኳ አንድ ኩንታል ፉርሽካ አሸክሞ «እባክዎ፣ በዚህ ላይ ይጨቃጨቁኝ» አላቸው። አልፈለጉም። ልጅቷ ከጓዳ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። እየተናደደች ነው፤ ግን ሆዷ ባባ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ክርክር የኖረችበትን አንድ ቀን ለማስታወስ ሞከረች። ደብተሯ፣ ጫማዋ፣ ታማ የወሰደችው ሽሮፕ፣ ሁሉም በዚያ አፍ ተከራክሮ የመጣ ነው። ያ አፍ ሲዘጋ ቤቱ የሰው ቤት መሰላት።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ባለልኳንዳው በሩን አንኳኳ። ገላው በሩን ሞልቶ ገባ፣ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እትዬ ቀንስ ከአንሶላ ማጠቢያው መጥተው እጃቸው ገና እርጥብ ነው። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«እትዬ፣ እንቅልፍ አጣሁ» አለ ሰውዬው። «ስገዛ ነው የኖርኩት። ጎበዝ ገዢ አይቻለሁ፣ ሌባ ገዢ አይቻለሁ። የራሱን በግ ዋጋ ያወረደ ሰው ግን አላየሁም። ከዚያ አሰብኩ፦ ይቺ ሴት በገዛ ራሷ ላይ እንዲህ ከጨከነች፣ በሰው በግ ላይ ምን ታደርግ ይሆን?»

እትዬ ቀንስ ቀና አሉ።

«ገዢ ይሁኑልኝ» አለ። «በገበያ ቀን ብቻ። ሥራዎን አይተዉም። እኔ ሻጭ ሲያለቅስብኝ ሆዴ አይችልም፣ ያለኝን ሰጥቼ እመጣለሁ። እርስዎ ቢገዙልኝ ልኳንዳዬ በአንድ ዓመት ቆርቆሮው ይለወጣል። በየገበያው ቀን አንድ ሺህ እከፍልዎታለሁ።»

ልጅቷ አክስቷን ታይ ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው ብርት አለ። ደስ አላት። ደስታዋ ግን አልቆየም፤ እርጥቡ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ተነስቶ ወደ ወገባቸው ሲሄድ አየች። አገጫቸው ቀና አለ። አፍንጫቸው አየር መሳብ ጀመረ።

ከግድግዳው ተወርውራ በሁለት እጇ አፋቸውን ከደነች።

«ይጨምሩ!» አለች።

ባለልኳንዳው «ምን?» አለ።

«ይጨምሩ አልኩ! አንድ ሺህ? በአንድ ገበያ ቀን ከአንድ ሽማግሌ ብቻ አንድ በግ ሙሉ ያተርፋሉ እኮ እሳቸው! የብድር ሠራተኛውን ይጠይቁ!»

ከእጇ ሥር «እምም» የሚል ድምፅ ወጣ። አልለቀቀችም።

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ» አለ ሰውዬው።

«የመጨረሻውን ይንገሩኝ።»

«ሦስት መቶ።»

«ይሄማ መጀመሪያው ነው» አለች ልጅቷ። «እኛ ሌላ ባለልኳንዳ ዘንድ ሄድን!» መቼም የት እንደሚሄዱ አታውቅም፤ ያሉት በገዛ ቤታቸው ውስጥ ነው።

ባለልኳንዳው አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቅ ነው። «አንድ ሺህ አምስት መቶ። ከዚህ በላይ ራሴን ልታሳርጂኝ ነው።»

«የስድስት ገበያ ቀን በቅድሚያ። ነገ ጠዋት።»

ሰውዬው ግዙፍ መዳፉን ዘረጋ። ልጅቷ አንድ እጇን ከአክስቷ አፍ ላይ አንስታ መታችው። ጧ! ዘጠኝ ሺህ፤ የጎደለው ልክ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ሌላኛውን እጇን ለቀቀች።

«ምን ሊሉ ነበር እትዬ?» አለ ባለልኳንዳው።

እትዬ ቀንስ አፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «‹ቀንስ› ልል ነበራ!» አሉና፣ ሦስቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሲበቃቸው እትዬ ልጅቷን አዩዋት። ከእግሯ እስከ ራሷ፣ የደለበ በግ እንደሚታይ አዩዋት። «ማን አስተማረሽ አንቺ?» አሏት፤ ልጅቷም አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች። «አይዞሽ» አሉ ጀርባዋን እየመቱ፤ «አይዞሽ፣ አጥፍቻለሁ። አፌ ነው እኮ፣ እኔ አይደለሁም።»

ሐሙስ ክፍያው ገባ። የጉዞው ቀን ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተራ ደረሱ። ያ በሩብ ሰዓት የተነሳው ረዳት ነበር በሩ ላይ፤ እትዬ ቀንስን ሲያይ ሁለት እርምጃ አፈገፈገ።

«ሒሳብ ስንት ነው?»

«ሦ... ሦስት መቶ፣ እትዬ።»

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ልጅቷ ግራ እጃቸውን አየች። ግራ እጃቸው ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። ብሩን አወጡ፣ በረዳቱ መዳፍ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጡ።

የሳሙናው ቀን ትዝ አላትና ልጅቷ ደነገጠች። «እትዬ፣ አመመዎት?»

«ምን ያመኛል?» አሉ። «ይቺን ልጅ በቅናሽ አልሸኝም።» ይህን ያሉት ለረዳቱ ነው፤ ወደ ልጅቷ አላዩም። «ግቢ አንቺ፣ ወንበር ይያዝብሻል።»

ገባች። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ከታች አክስቷ ቆመዋል፤ አጠር ያሉ፣ ቀሚሳቸው ጫፉ ላይ የሳሙና አረፋ የደረቀበት። እንባዋ መንታ መንታ ሆኖ ወረደ። ሞተሩ ተነሳ። በዚህ መሀል ረዳቱ ሻንጣዋን ወደ ጣራ እያነሳ፣ የገጠመውን ዕድል አይቶ ልቡ ደፋር ሆኖ ኖሮ፣ «እትዬ፣ የሻንጣ ሃምሳ አለ» አለ።

ልጅቷ በመስኮቱ በኩል አየች። ግራ እጅ ወገብ ላይ ወጣ። አገጭ ቀና አለ። ልጅቷም እንባዋን ሳትጠርግ አንገቷን በመስኮቱ አወጣችና፣ አየር በአፍንጫዋ ስባ፣ አብራቸው ጮኸች፦

«ቀንስ!»